የስም ጥሪው መዝገብ

ሬገን አየር ማረፊያ የታክሲ ተራ ላይ የቆመ ሰው ጊዜውን የሚገፋው በስልክ ወሬ ወይም በሬዲዮ ነው። እኔ የሬዲዮው ወገን ነኝ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 መጨረሻ ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ፣ ዘወትር የምከፍተው 88.5 ኤፍ ኤም፣ ማለትም በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዋሽንግተን የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ ዳብሊው ኤ ኤም ዩ፣ በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ስለሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያወራ ነበር። ባለፈው ጁን ከዚያ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ከተቀበሉት ተማሪዎች ግማሾቹ በዓመቱ ውስጥ ከሦስት ወር በላይ ያለ ፈቃድ ከክፍል ቀርተዋል፤ ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ከተገኘበት ቀን ይልቅ የቀረበት ቀን ይበዛል። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ለካ ሰልፉ ወደፊት ሄዶ እኔ ባለሁበት ቀርቼ ኖሮ፣ ከኋላዬ ያለው ወንድም ጥሩምባውን ነፋብኝ።

የደነገጥሁት በቁጥሩ ብቻ አልነበረም። የትምህርት ጉዳዮች ዘጋቢዋ ኬት መጊ ስለዚሁ ትምህርት ቤት ከጥቂት ወራት በፊት የምሥራች ስታሰማ አድምጫታለሁ። ትምህርት ቤቱ «ባሉ» ይባላል፤ ስሙ ለእኛ ጆሮ ሌላ ትርጉም ቢኖረውም፣ እዚህ ከተማ ግን ሲነሣ የሚታሰበው ድህነትና ዝነኛው የማርሽ ባንዱ ነው። በ2017 የተመራቂው ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ወደ ኮሌጅ ለማመልከት ተነሡ፣ አመለከቱም፣ ሁሉም ተቀባይነት አገኙ ተባለ። ዜናው በአገር አቀፉ የሕዝብ ሬዲዮ በኤን ፒ አር ጭምር ተላለፈ። ከዓመት ዓመት በዝቅተኛ ውጤት ስሙ የሚነሣ ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ ሳያስቀር ኮሌጅ አስገባ ሲባል የማይደሰት ማን ነው? እኔም ተደስቼ ለተሳፋሪዬ ሳይቀር ማውራቴ ትዝ ይለኛል።

ለብዙ ጋዜጠኛ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ዜናው አምሯል፣ አድማጩ ወድዶታል፣ ትምህርት ቤቱም አመስግኗል። መጊ ግን ተመልሳ ሄደች። ከኤን ፒ አር የትምህርት ክፍል ጋር ሆና በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾችን አገላበጠች፤ የመገኘትና የመቅረት መዝገቦችን፣ የክፍል ስም ዝርዝሮችን፣ ኢሜይሎችን። ወደ አንድ ደርዘን ከሚጠጉ በሥራ ላይ ካሉና ከለቀቁ መምህራን፣ እንዲሁም ከአራት ተመራቂዎች ጋር ተነጋገረች። በተገኘው የውስጥ ኢሜይል መሠረት፣ ምረቃው ሁለት ወር ሲቀረው ለመመረቅ የሚያበቃውን ያሟሉ ተማሪዎች 57 ብቻ ነበሩ። በጁን መድረኩ ላይ ዲፕሎማ የተቀበሉት ግን 164 ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በከተማዋ መመዘኛ ፈተና ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች እንግሊዝኛውን ያለፉት 9 በመቶ ሲሆኑ፣ ሒሳቡን ያለፈ አንድም አልነበረም።

ከ57 ወደ 164 በሁለት ወር እንዴት ይደረሳል? መልሱን ለማወቅ መምህር የነበረ ሰው ብዙ መድከም የለበትም። የከተማዋ መመሪያ አንድ ተማሪ በአንድ የትምህርት ዓይነት ያለ ፈቃድ 30 ጊዜ ከቀረ ያንን ትምህርት ይወድቃል ይላል፤ መመሪያው ተዘለለ። መምህራኑ እንደተናገሩት፣ ተማሪው ላልሠራው ሥራ ዜሮ ሳይሆን 50 እንዲሰጡት ይጠበቅባቸው ነበር፤ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ «ክሬዲት ሪከቨሪ» የሚሉት አለ። ይህ አንድን ትምህርት የወደቀ ተማሪ ከመደበኛው ሰዓት በኋላ በጥቂት ሳምንታት አጠር ባለ መልኩ ወስዶ እንዲያካክስ የተዘረጋ ዘዴ ነው። በ«ባሉ» ግን ተማሪው ገና ሳይወድቅ፣ መደበኛውን ክፍል ተመዝግቦ ሳለ፣ ማካካሻውንም ጎን ለጎን ሲወስድ ተገኘ። የሚያካክሰው ነገር ገና አልጎደለም ነበር፤ ነገር ግን እንደሚጎድል ሁሉም ያውቃል።

መምህራኑን ለማውገዝ አልቸኩልም። ከተማዋ ከ2007 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቿን በከንቲባው ሥልጣን ሥር አድርጋ፣ በ2009 ደግሞ መምህራንን በነጥብ የሚመዝን አሠራር ዘርግታ፣ በመላ አገሪቱ የትምህርት ማሻሻያ ማሳያ ተብላ ስትወደስ ኖራለች። ነጥቡ ከፍ ያለለት ጉርሻ ያገኛል፣ ዝቅ ያለበት ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ለርዕሰ መምህሩም የተመራቂው ብዛት የሥራው ሚዛን ነው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ «ይህ ልጅ አልተማረም» ብሎ የሚጽፍ መምህር ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ራሱ የጻፈ ይመስላል።

ይህን የምለው እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። አገር ቤት ሳለሁ በ1990ዎቹ በአንድ የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት አስተምሬአለሁ። የሰኔ ወር የሮስተር ወር ነው። የማርክ መስጫው ትልቅ ወረቀት ሁለት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ አንዱ መምህር ስም እየጠራ ሌላው ማርክ እየሞላ፣ በቀይ እስክሪብቶ ከ50 በታች የሆነው እየተከበበ ይኬዳል። የእኔ ክፍል ቀዩ በዛ። ርዕሰ መምህሩ ከበስተኋላዬ ቆመው አዩትና አልተቆጡም፤ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ሮስተሩን እንደገና እየው» ብለው ብቻ ወጡ። ከወረዳው የመጣው ዕቅድ የመድገም መጠን ከዚህ እንዳይበልጥ እንደሚል ሁላችንም እናውቅ ነበር። አዲስ ወረቀት ወሰድሁ፤ 38 የነበረው 50 ሆነ፣ 41 የነበረውም 50። ከእነዚያ ልጆች መካከል ከሦስት ሰዓት በላይ በእግሯ ተጉዛ የምትመጣ፣ በአጨዳ ወራት ጨርሶ የማትታይ አንዲት ልጅ ነበረች። ያለፈች ጊዜ ደግ ያደረግሁላት መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ስሟን አስታውሳለሁ፤ ማንበብ ትችል እንደነበረ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ያንን ዘገባ ስሰማ የሰማሁት የራሴን እስክሪብቶ ድምፅ ነበር። ዘገባው ከሌሎች የሙስና ዜናዎች የሚለየውም በዚህ ይመስለኛል። ገንዘብ በኪሱ የከተተ ሌባ የለም። ሁሉም ለልጆቹ ደግ ያደረገ የመሰለው ሰው ነው። ልጆቹ ደግሞ ኮሌጅ በር ላይ ሲደርሱ ደግነቱ በወረቀት ብቻ እንደነበረ ይረዳሉ፤ ያኔ ግን የሚከሰሰው የራሳቸው ስንፍና ነው።

እዚህ ላይ የቦታው ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ዋሽንግተንን የማያውቅ አንባቢ ከተማዋን ዋይት ሀውስና ካፒቶል ብቻ አድርጎ ሊያያት ይችላል፤ ነዋሪው ግን ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶና ወዲህ ብሎ ይከፍላታል። «ባሉ» የሚገኝበት፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የከተማዋ ክፍል ነዋሪው በብዛት ጥቁር አሜሪካዊ፣ ገቢውም ከሌላው በእጅጉ ያነሰ ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ራሱ ታሪክ አለው። ፍራንክ ባሉ ትምህርት ቤቶቹ በዘር በተከፈሉበት ዘመን የከተማዋ የትምህርት የበላይ ኃላፊ ነበሩ፤ በ1939 ታላቋ ጥቁር ድምፃዊት ሜሪያን አንደርሰን በነጮች ትምህርት ቤት አዳራሽ እንዳትዘፍን ሲከለከል ክልከላው የመጣው ከእሳቸው መሥሪያ ቤት ነው። እሷም በዚያው ዓመት በፋሲካ ዕለት ሊንከን መታሰቢያ ደጃፍ ላይ 75 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ ዘፈነች። ዛሬ በስማቸው በሚጠራው ትምህርት ቤት ውስጥ ነጭ ተማሪ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በዋሽንግተን በዘር የተከፈለ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ተብሎ በ1954 የተወሰነውም ከዚያው ከወንዙ ማዶ በተነሣ ክስ ነበር፤ አዲስ ተሠርቶ ክፍት ወንበር የተረፈው ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ጥቁር ልጆችን በር ላይ በመመለሱ። ያኔ ጥያቄው ወንበር እያለ ለምን ተከለከልን የሚል ነበር። በ2017 ወንበሩ ተፈቅዷል፣ የተቀመጠበት ግን የለም፤ መዝገቡም ይህን የሚነግረው ፈልጎ ላነበበው ብቻ ነው።

ከዘገባው በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ከቦታቸው ተነሡ። ከተማዋ ያስጠናችው የውጭ ምርመራ በጃንዋሪ 2018 ሲወጣ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ገመና አለመሆኑ ታየ፤ በ2017 ከከተማዋ መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከተመረቁት 2,758 ተማሪዎች 937ቱ፣ ማለትም ከሦስት አንድ የሚሆኑት፣ ዲፕሎማውን ያገኙት መመሪያ ተጥሶ ነው። በሌላ ትምህርት ቤት የመቅረት መዝገቡ ራሱ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተቀይሮ ተገኘ። ከዚያ ደግሞ፣ ልብ ወለድ ላይ ቢጻፍ የማይታመን ነገር መጣ። የከተማዋ የትምህርት ቤቶች ቻንስለር አንትዋን ዊልሰን በፌብሯሪ 2018 ሥራቸውን ለቀቁ፤ የለቀቁት ግን በዲፕሎማው ጉዳይ አይደለም። ልጃቸው ከ600 በላይ ተማሪዎች ተራ ወደሚጠብቁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወረፋውን ዘልላ እንድትገባ ተደርጓል ስለተባለ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ ለባለሥልጣናት ልጆች እንዲህ ያለ ውለታ ውለዋል ተብሎ ስለነበር፣ ይህ እንዳይደገም የሚከለክለውን መመሪያ ያጠበቁት ራሳቸው ዊልሰን ነበሩ።

እኛ የአበሻ ወላጆች በበኩላችን የዲፕሎማውን ዜና ሰምተን ካለፍነው ይልቅ የወረፋውን ዜና በደንብ ተነጋገርንበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የትምህርት ቤት ምደባ ሎተሪው ማስታወቂያ በአማርኛም ይመጣልና፣ በጆርጂያ ጎዳና ዳርና ዳር የሚኖር ወላጅ ሁሉ ልጁን የተሻለ ትምህርት ቤት ለማስገባት ቅጹን ሞልቶ፣ የተጠባባቂ ቁጥሩን እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ እየተከታተለ ይኖራል። የቻንስለሩ ነገር የነካን እኛን ነው፤ የ«ባሉ» ግን የሌሎች ልጆች ነገር መስሎን አልፈነዋል። ይህን የምጽፈው ራሴንም ጨምሬ ነው።

በዘገባው ላይ የቀረበው ቅሬታ ሳይጠቀስ ቢቀር ሚዛን ይጎድላል። የተመረቁት ልጆች ስም ሳይጠራ ስማቸው ጠፍቷል፤ በትክክል ተምረው፣ በየቀኑ ተገኝተው፣ ዲፕሎማቸውን ላባቸውን ጠብ አድርገው ያገኙትም ከሌላው ጋር ተጠረጠሩ። ይህ እውነት ነው፤ ቀላልም አይደለም። እንዲሁም ልጆቹ ለምን ቀሩ የሚለው ጥያቄ አለ። የሚሠሩ ነበሩ፣ ታናናሾቻቸውን የሚያሳድጉ ነበሩ፣ ማደሪያ የሌላቸው ነበሩ፣ የሰፈሩ ጥይት ያስፈራቸው ነበሩ። ሆኖም ቅሬታው መሰማት ያለበት ለማን ነው? ልጆቹን ያሳፈራቸው ቀድሞ የተሰጣቸው ባዶ ወረቀት ነው እንጂ ወረቀቱን ገልጣ ያሳየችው ጋዜጠኛ አይደለችም ብዬ አምናለሁ። ከሰኔው ሮስተሬ በኋላ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መጥቶ መዝገቡን ቢጠይቀኝ ኖሮ እፈራ ነበር፤ ያቺ ልጅ ግን ምናልባት ትጠቀም ነበር።

አገር ቤት መዝገቡ የተገለጠው በሌላ መንገድ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትን ለመከላከል ተብሎ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። በ1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። አገሩ በሙሉ ደነገጠ፣ ተማሪውም ተሰደበ። እኔ ግን ያንን ቁጥር ሳነብ የታየኝ ከዚያ በፊት በየሰኔው የተዘረጋው ሮስተር ሁሉ ነው፤ እነዚያ ልጆች 12ኛ ክፍል የደረሱት እኮ በየዓመቱ «አልፈሃል»፣ «አልፈሻል» እየተባሉ ነው። ቁጥሩን የነገረን ሚኒስቴሩ ነው። አንድ የክልል ኤፍ ኤም ጋዜጠኛ ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ሄዶ፣ የአራት ዓመት የስም ጥሪ መዝገብ አስወጥቶ፣ ስንት ቀን መምህር ነበረ፣ ስንት ቀን ተማሪ ነበረ፣ የሒሳብ መምህሩ ከለቀቀ በኋላ ማን ተተካ ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ ሌላ ዕውቀት በተገኘ ነበር።

የእኛም የዋሽንግተን የአማርኛ ሬዲዮዎች ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም። የአገር ቤትን ፖለቲካ ከጠዋት እስከ ማታ ያብጠለጥሉታል፤ ልጆቻችን ስለሚማሩበት ትምህርት ቤት ግን ለአዲስ ዓመት እንኳን አደረሳችሁ የሚለውን ማስታወቂያ ያህል ጊዜ አይሰጡም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደይ ወራት፣ ከምርመራው ውጤት በኋላ የዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች የመቅረት መመሪያውን በድንገት ማጥበቅ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የከተማዋ መደበኛ ትምህርት ቤቶች የተመራቂ መጠን ከ73 በመቶ ወደ 69 በመቶ ገደማ ወረደ። ከእነዚያ ሳምንታት በአንዱ ምሽት ከእኔ አንድ ፎቅ በታች የምትኖር እህት በሬን አንኳኳች። በሆቴል ጽዳትና በፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይነት ሁለት ሥራ ትሠራለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ አመሸሁብዎት፤ ይህን ያንብቡልኝ» ብላ ደብዳቤ ዘረጋችልኝ። ደብዳቤው በአማርኛ ነው፤ አማርኛው ግን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የታጨቀ ስለሆነ ያላገባት አያስደንቅም። ልጇ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያለ ፈቃድ 22 ጊዜ ቀርቷል ይላል።

«በየጠዋቱ እኮ አብረን ነው ከቤት የምንወጣው» አለች።

ልጁ ተጠራ። ረጅም፣ ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ ልጅ ነው። እናቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ታናሽ እህቱን ትምህርት ቤቷ ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ የእህቱ በር ከመከፈቱ በፊት ጥሏት መሄድ ስለማይችል፣ ሁለት አውቶቡስ ይዞ የራሱ ትምህርት ቤት ሲደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። መምህሩ ለምን እንደሚያረፍድ ጠይቆት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ። ባለፈው ዓመትስ? ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ያረፍድ ነበር፤ ግን ምንም ደብዳቤ አልመጣም፣ አለፈ።

«ስንት ሲሞላ ነው የሚጥሉት?» አለች እናቱ።

«ሠላሳ።»

ከማቀዝቀዣው ላይ የቤተ ክርስቲያኑን የቀን መቁጠሪያ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እስክሪብቶ ሰጠኋት፤ ከነገ ጀምራ እስከ ትምህርት መዝጊያው ያሉትን የሥራ ቀናት አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች።